ሴት ሹፌር በጂቡቲ መስመር፦ ችግሩ መሪው ላይ ነው ስምሪቱ ላይ?

ስምሪት_ክፍል (ክሩን የከፈተው) | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም የመንገድ ሰዎች። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

አንድ የጭነት ትራንስፖርት ድርጅት ውስጥ ስምሪት ላይ እሠራለሁ። ስሙ ይቅር። መኪኖቻችን ተሳቢ ናቸው፤ ከጂቡቲ ወደ ሞጆና አዲስ አበባ ኮንቴይነርና ማዳበሪያ ያነሳሉ። አምና ደረቅ 3 (የተሳቢ መኪና) መንጃ ፈቃድ ያላቸው አምስት ሴቶች ቀጠርን። ፎቶ ተነሳን፣ ኬክ ተቆረሰ። ዘንድሮ የቀረችው አንዷ ብቻ ናት። ሁለቱ ለቀቁ፣ ሁለቱ "ከተማ ውስጥ መድቡን" ብለው አመለከቱ።

አለቃዬ "አየህ፣ አልቻሉትም" ብሎ ዘጋው። እኔ ግን መዝገቡን ይዤ ቁጭ አልኩ። አደጋ የለም። የነዳጅ አጠቃቀማቸው ከወንዶቹ አይከፋም፤ አንዷማ ከሁሉም የተሻለች ናት። ጎማ አልጨረሱም። ታዲያ ያልቻሉት ምኑን ነው?

ቀጥሎ የምልልሱን ብዛት አየሁ። እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኔ ሆኖ አገኘሁት። ወንዶቹ በወር ሦስት የጂቡቲ ምልልስ ሲያገኙ፣ ሴቶቹን ሞጆ–ቃሊቲ ላይ ነበር የማመላልሳቸው። "መንገድ ላይ እንዳያድሩ" ብዬ ነው። እኛ ጋ ደግሞ መነሻ ደመወዙ ትንሽ ነው፤ ገንዘቡ ያለው ምልልሱና ውሎ አበሉ ላይ ነው። አስቤላቸው ኪሳቸውን አራቆትኩት።

አሁን የሚቀጥለውን ዓመት የስምሪት ዕቅድ እንዳዘጋጅ ታዝዣለሁ። "የሴቶች ተሳትፎ" የሚል ክፍል አለው። አምና እዚያ ላይ የጻፍነው አንድ ቃል ነበር፦ "ይበረታታል"። ዘንድሮ ምን ልጻፍ? መንገዱን የምታውቁ ንገሩኝ።

---

የአሰብ_መንገድ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡25

ልጄ፣ እኔ አሰብ ስመላለስ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ፊያት ኤንትሬ ነድቻለሁ። የዚያን መኪና መሪ ሁለት ሰው ነበር የሚያዞረው ብል ብዙም አልዋሸሁ። በ1990 ጦርነቱ መጥቶ አሰብ ሲዘጋ ወደ ጂቡቲ ዞርን፤ እስከ ጡረታዬም እዚያው ነበርኩ።

ሴት መንዳት አትችልም አልልም። የዛሬው መኪና በጣት ይዞራል። ግን ንገረኝ፤ አፋር ውስጥ ገዋኔና ሚሌ መሃል ከሌሊቱ 8 ሰዓት ጎማ ቢፈነዳ ማን ይፈታዋል? የተሳቢ ጎማ ከነቸርኬው ከመቶ ኪሎ ይበልጣል። መንገዱ ላይ የሚሆነውንም ሁላችንም እናውቃለን። ሹፌር ይታገታል፣ ይገደላል። የገዛ እህትህን ትልካለህ?

---

ቦቴ_ነጂ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡50

ጋሼ ልክ ናቸው። ሥራው የወንድ ነው። አለቀ።

---

ደረቅ_ሦስት | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 12፡10

ጋሼ፣ በአክብሮት ልመልስልዎት። ያንን ጎማ ብቻዎን አንስተው ያውቃሉ? ረዳት ነበረዎት፣ ክሪክ ነበረዎት፣ ባይሆን አላፊ መኪና ቆሞ ያግዝዎታል። እኔም የማደርገው እንደዚያው ነው። ረዳቴ ይፈታል፣ እኔ ድንጋይ እደግፋለሁ፣ አብረን እናንከባልላለን። ከዚያ ጎሚስታ ጋ ሄዶ መከራከር ነው። እሱ ላይ ደግሞ ከረዳቴ እኔ እሻላለሁ።

ጂቡቲ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ሄጃለሁ። መሪው ከብዶኝ አያውቅም። የሚከብደው መኪናው ሲቆም ነው።

አዋሽ ሰባት ኪሎን ካለፍኩ በኋላ ውኃ አልጠጣም። ወንዱ ጎማ ሥር ቆሞ ይጨርሳል። እኔስ የት ልሂድ? ሜዳው ገላጣ ነው፣ ከኋላ ሠላሳ መኪና ተሰልፏል። በክረምት ወራት አፋር ላይ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው። በዚያ ሙቀት ውኃ ሳይጠጡ መንዳትን አስቡት። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሁለቴ ታክሜያለሁ። ሐኪሙ "ውኃ በደንብ ጠጪ" አለኝ። እንደዚያ ቀን ስቄ አላውቅም። የወር አበባ ሲመጣ ምን እንደሚሆን እናንተ ጨምሩበት።

ጋቢና ውስጥ ያለው አልጋ አንድ ነው። ረዳቴ ወንድ ነው። ጨዋ ልጅ ነው፣ እንደ ወንድሜ ነው፤ ግን ሌሊት ማን የት ይተኛል? እሱን ተሳቢው ሥር ሸራ ላይ ላስተኛው? ወይስ እኔ አልጋ ልከራይ? ልከራይ ካልኩ መኪናውና ጭነቱ በእኔ ስም ነው፤ አንድ ነገር ቢጎድል ተጠያቂዋ እኔ ነኝ። ይህን ጥያቄ የቀጠረኝ ሰው አንድ ቀን አንስቶት አያውቅም።

በነገራችን ላይ ኬላ ላይ መሪ ይዤ ተቀምጬ እያዩኝ "ሹፌሩ የት ሄደ?" ይሉኛል። በፊት እናደድ ነበር። አሁን "ሽንቱን ሊሸና ሄዷል፣ እሱ ይችላላ" እላቸዋለሁ።

---

ባለ_ሁለት_ሲኖ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡05

እኔ ባለንብረት ነኝ። ሁለት መኪና አለኝ፣ ሁለቱም የባንክ ዕዳ አለባቸው። ማንንም መናቅ አይደለም፣ ስሌት ነው። መኪና በቆመ ቁጥር ወለዱ አይቆምም። ሴት ሹፌር ብቀጥርና ብታረግዝ መኪናዬን ማን ይነዳል? አራት ወር አቁሜ ልጠብቅ? ይህን የሚመልስልኝ ካለ ነገ እቀጥራለሁ።

---

የሕግ_ወንበር | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡30

ለባለ ሁለት ሲኖ ልመልስ። አዋጅ 1156/2011 የሚለው ይህ ነው። ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ አላት፤ ደመወዟ ይከፈላል። ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት አትመደብም። ትርፍ ሰዓትም አትሠራም። በእርግዝናዋ ጊዜና ከወለደች እስከ አራት ወር ድረስ ማሰናበት በመርህ ደረጃ ክልክል ነው።

አሁን አሠሪዎች የሚያጣምሙትን ልናገር። የሌሊት ክልከላው ለነፍሰ ጡር ነው። ለሴት ሁሉ አይደለም። "ሕጉ ሴት በሌሊት አትሥራ ይላል" እያሉ ጥሩውን ምልልስ የሚነፍጉ ስንት አሉ መሰላችሁ። በሌላ በኩል ሴት በመሆኗ ክፍያዋ ላይ ልዩነት ማድረግ ለአሠሪ የተከለከለ ነው። ሕገ መንግሥቱም ለተመሳሳይ ሥራ ተመሳሳይ ክፍያ ይላል። ስምሪት_ክፍል፣ አንተ ደመወዝ አልቀነስክም። ግን ደመወዙ የሚገኝበትን መንገድ ዘጋህባቸው። ክርክር ቢነሳ ይህ ለድርጅትህ የሚመች ነገር አይደለም።

"መኪናዬን ማን ይነዳል" ላልከው፦ ወንዱ ሹፌርህ ታሞ፣ ታስሮ፣ ወይ ሌላ ድርጅት ሄዶ ሲያቆምብህ ማን ነው የሚነዳው? እርግዝና ቢያንስ ወራት ቀድሞ ይነግርሃል።

---

ባለ_ሁለት_ሲኖ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡41

ያለፈው ሹፌሬ ስልኩን አጥፍቶ ነው የሄደው። መኪናው አፋር፣ ሎጊያ ከተማ ቆሞ ነው ያገኘሁት። እሺ፣ እዚህ ላይ አፌን ዘጋሁ።

---

የቦሌ_ልጅ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡15

ሰዎች ምን ትከራከራላችሁ? በ2008 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሙሉ በሙሉ በሴቶች የተመራ በረራ ባንኮክ ልኳል። ቦይንግ ያበረረች ሲኖትራክ ያቅታታል?

---

ደረቅ_ሦስት | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8፡00

ወንድሜ፣ ሐሳብህ ደግ ነው፣ ግን ምሳሌው ወደ ሌላ ይወስደናል። ካፒቴኗ ሳትነሳ በፊት ሆቴሏ ተይዞላታል። ስታርፍ መኪና ይጠብቃታል። ስንት ሰዓት እንደምትሠራ፣ ስንት ሰዓት እንደምታርፍ ተቆጥሮ ተጽፏል። መጸዳጃ ቤቱ አውሮፕላኑ ውስጥ ነው! እሷ ጎበዝ ስለሆነች ብቻ አይደለም። የስምሪት ሰው አስቦላታል። ያንን ሎጊያ አምጡልኝና እኔም ባንኮክ እደርሳለሁ።

---

ኮሎምበስ_ነኝ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡20

የምጽፈው ከአሜሪካ፣ ከኦሃዮ ነው። እኔና ባለቤቴ አንድ መኪና ላይ በቅብብል እንነዳለን። እሷ ስትነዳ እኔ እተኛለሁ፣ እኔ ስነዳ እሷ። ከትዳራችን አሥር ዓመት ውስጥ ተያይተን ያወራነው ስንት እንደሆነ አትጠይቁኝ።

እዚህም ገነት አይደለም። ከባድ መኪና ከሚነዱት አሥር ሰዎች አንድ ሴት እንኳን አትሞላም። ግን ጥቂት የተለዩ ነገሮች አሉ። አንድ ሹፌር ከአሥር ሰዓት ዕረፍት በኋላ በ14 ሰዓት ውስጥ ከ11 ሰዓት በላይ መንዳት አይችልም። ከ2017 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ሰዓቱን የሚቆጥረው መኪናው ውስጥ ያለ መሣሪያ ነው፤ በእስክሪብቶ ማታለል ቀረ። ትልልቅ የከባድ መኪና ማደያዎች ሻወር አላቸው፣ ከውስጥ ይቆለፋል። ነዳጅ ስትቀዳ ሻወሩ በነፃ ይመጣልሃል። ማቆሚያ ግን ከመሸ አይገኝም፤ ባለቤቴ ከምንም በላይ የምትጠላው ጨለማ መውጫ መንገድ ዳር ማደርን ነው።

የጻፍኩት ግን ለሌላ ነው። ስምሪት_ክፍል "አስቤላቸው" ያልከው ነገር እዚህ ፍርድ ቤት ደርሷል። ኒው ፕራይም የሚባል ሚዙሪ ያለ ትልቅ የጭነት ኩባንያ ነው። እዚህ ጀማሪ ሹፌር ከአሠልጣኙ ጋር አንድ መኪና ውስጥ ለሳምንታት ይነዳል፣ እዚያው ያድራል። ኩባንያው ከዚያ ቀደም በትንኮሳ ተከስሶ ስለነበር "ሴት የምትሠለጥነው በሴት ብቻ ነው" የሚል ደንብ አወጣ። ሲሰሙት ደግ ነገር ነው አይደል? ግን ሴት አሠልጣኝ ከየት ይምጣ? ወንዱ ወዲያው መኪና ላይ ሲወጣ ሴቶቹ ተራ መጠበቂያ ዝርዝር ውስጥ ወራት ተቀመጡ። በ2014 እ.ኤ.አ. ፍርድ ቤቱ "ይህ አድልዎ ነው" አለ። በ2016 ጉዳዩ ከሦስት ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፍሎ ተዘጋ።

ትንኮሳ ካለ ተንኳሹን ታነሳለህ እንጂ የሴቲቱን ተራ አትወስድም። እኔ ከዚያ የገባኝ ይህ ነው።

---

ስምሪት_ክፍል | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡30

ኮሎምበስ፣ ሌሊቱን አላስተኛኸኝም። እኔም ሳላውቀው ያደረግኩት ይህንኑ ነው። ከአምስቱ አንዷን "ሴት ረዳት እስክናገኝ ጠብቂ" ብያት ሁለት ወር ተኩል ግቢ ውስጥ ተቀምጣ ነበር። ሴት ረዳት አልተገኘችም። ልጅቷ ለቀቀች። በመልቀቂያዋ ላይ "በራስ ፈቃድ" ብዬ ሞልቻለሁ።

ደረቅ_ሦስት፣ እስቲ አበሉን አስረጂኝ። እኛ ጋ አበል ለወንድም ለሴትም እኩል ነው። እዚህ ላይ እንኳን ንጹሕ ነን ብዬ ነበር።

---

ደረቅ_ሦስት | ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡50

እኩል ነው፣ አዎ። ግን እዩት። ወንዱ የአልጋ አበሉን ተቀብሎ ጋቢና ውስጥ ይተኛል። ብሩ ይተርፈዋል፤ ለቤቱ ይልካል። ሁሉም እንደ ደመወዝ ነው የሚቆጥረው፣ አለቆችም ያውቁታል። እኔ የሚቆለፍ ክፍል ካልያዝኩ አልተኛም። ርካሹ አልጋ ቤት መጠጥ ቤት ላይ የተለጠፈ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ በሩ ይንኳኳል። ደህናው አበሉን ይበላና ከኪሴ ያስጨምረኛል። ወረቀቱ ላይ እኩል ነን፣ ወር ሲያልቅ ግን እሱ ተርፎት እኔ ከስሬ ነው።

መፍትሔው አበል መጨመር አይመስለኝም። ብትጨምሩልኝ ነገ ረብሻ ነው፣ "ለሷ ለምን" ይባላል፣ እውነታቸውንም ነው። ድርጅቱ አዋሽ ላይና ሎጊያ ላይ አንድ ደህና ፔንሲዮን ይዋዋል። ክፍሉን ራሱ ይክፈል። ወንድም ሴትም ይደርበት። ጋቢና ልተኛ ያለ መብቱ ነው፤ አበሉን ይውሰድ።

---

የሹፌር_ሚስት | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡30

ይቅርታ፣ እኔ ሹፌር አይደለሁም። ባለቤቴ ግን በዚህ መስመር ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በወር አራት ቀን ቤት ከገባ ዕድለኛ ነን። ከሁሉም የሚያመኝ መራቁ አይደለም፣ መቼ እንደሚመጣ አለማወቁ ነው። "ተራ ይዣለሁ" ይለኛል። ተራው ነገም ሊሆን ይችላል፣ በሳምንቱም። ልጄ ስትጠመቅ መልካ ጀብዱ ላይ... አይ፣ ያን እንተወው። ብቻ ጥምቀቱ ላይ አልነበረም።

ስለዚህ ስለ ሴት ሹፌሮች ስታወሩ ስለ እኛም እያወራችሁ ነው። የታወቀ ቀን ቢኖረው እኔም ሥራ ልይዝ እችል ነበር። አሁን ግን እሱ በሌለ ጊዜ ሁሉ እናትም አባትም እኔ ነኝ፣ ሲመጣ ደግሞ እንቅልፉን ጠባቂ።

እውነቱን ልናገር? ሴት ሹፌር ከእነሱ ጋር ጂቡቲ ታድራለች ሲባል ሆዴ ይፈራል። መደበቅ አልፈልግም።

---

ደረቅ_ሦስት | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡55

እህቴ፣ ግልጽነትሽን ወደድኩት። አታስቢ። አራት ቀን ጂቡቲ ሙቀት ላይ ተራ የጠበቀ ሹፌር አጠገብ ቆመሽ ታውቂያለሽ? ባልሽን አንቺ ካልሆንሽ ማንም አይወስድልሽም።

---

የሹፌር_ሚስት | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡58

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ልብሱን የማጥበው እኔ ነኝ፣ አውቃለሁ።

---

ሐዲድ_ዳር | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡10

አንድ ነገር ልጨምር። ከኢትዮጵያ ገቢና ወጪ ንግድ አብዛኛው፣ ከ90 በመቶ በላይ ማለት ነው፣ በጂቡቲ ነው የሚያልፈው። ወደ 750 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የባቡር መስመር ደግሞ በ2010 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል። ባቡሩ ኮንቴይነር ሞጆ አካባቢ ባራገፈ ቁጥር ለመኪና የሚቀረው አጭሩ መንገድ ነው፦ ከደረቅ ወደቡ ወደ ፋብሪካው፣ ወደ መጋዘኑ። ጠዋት ወጥቶ ማታ ቤት የሚገባበት ሥራ። "ለሴት የሚመች" የሚባለው ሥራ ያኔ ለሁሉም ይመጣል።

ለረጅሙ መስመርም ቢሆን ቅብብል ለምን አይታሰብም? አዲስ አበባ–አዋሽ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንዱ እስከ አዋሽ ያደርሳል፣ ሌላው ከዚያ ይቀበላል፣ የመጀመሪያው የሚመለሰውን መኪና ይዞ ማታ ቤቱ ይገባል። መኪናው አይቆምም፣ ሰው ያርፋል። 

---

ባለ_ሁለት_ሲኖ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡22

ወረቀት ላይ ያምራል። መኪናዬ በሦስት እጅ አለፈ እንበል። ነዳጅ ጎደለ። ማን ቀዳው? ስኮርታው (ትርፍ ጎማው) ጠፋ። ማን ጋ? ኬላ ላይ "ሰነዱ ላይ ያለው ሹፌር ሌላ ነው" ብለው ቢያቆሙኝ ማን ያስረዳልኛል? አንድ መኪና አንድ ሹፌር የምንለው ክፋት ስላለን አይደለም። ፍሪሲዮን የሚያቃጥለውን ለማወቅ ነው።

---

የአሰብ_መንገድ | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 1፡15

ሁሉንም አነበብኩ። ቀስ ብዬ ነው የማነበው፣ ዓይኔ ደክሟል።

ልጄ ደረቅ ሦስት፣ ስለ ውኃው የጻፍሽው ቤቴ ድረስ ገባ። እኛም ውኃ አንጠጣም ነበር። በሌላ ምክንያት ነው፤ ውኃው ራሱ አልነበረም። አንድ ኩላሊቴን ያስቀረሁት እዚያ መንገድ ላይ ነው። የዚያን ጊዜ "ለሹፌር ማረፊያ ይሠራ" ብለን ብናመለክት ምን እንባላለን መሰላችሁ? "ወንድ አይደለህም ወይ?" ነው። አፍረን ዝም አልን። እንቅልፍ ሲመጣ ጫት ቃምን። ጓደኛዬ ከጫቱ በፊት እንቅልፉ ቀድሞት አዋሽ አርባን ሳያልፍ ቀረ።

ስለ ጸጥታው ያልኩትን ግን አላነሳም። ማንም በሴትነቱ አይታለፍም፣ ማንም በወንድነቱ አይተርፍም፣ ያ እውነት ነው። ነገር ግን ሴት ስትታገት የሚደርስባት ሌላ ነው። ይህን "እኩልነት" ብሎ መዝለል አይገባም።

---

ደረቅ_ሦስት | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2፡05

አልዘለልኩትም ጋሼ። ትራስ ላይ ስተኛ የማስበው እሱን ነው። ግን አደጋው መቼ ነው የሚመጣው? ሲመሽ፣ ብቻ ስትሆን፣ የት እንደምታድር ሳታውቅ ስትቀር ነው። የእኔ ድርጅት ጭነቱን የማደርስበትን ጊዜ ብቻ ነው የሚጽፈው፦ "እስከዚህ ቀን ሞጆ ግቢ"። መሃሉ የእኔ ጣጣ ነው። ለመድረስ ስል ጨለማ ውስጥ እነዳለሁ። ወንዱም እንደዚያው። በጊዜ አቁመን ብናድር "ዘገየሽ" ተብሎ ተራዬ ወደ ኋላ ይሄዳል።

"በጸጥታ ምክንያት ቀድሞ ያቆመ ተራውን አያጣም" የሚል አንድ መስመር ብትጽፉ፣ ከሃያ ሥልጠና ይበልጥብኛል። በቡድን መሄድም አለ። አራት አምስት መኪና አብሮ ይወጣል፣ አብሮ ያድራል። ስምሪት ክፍሉ የሚያደርገው ነገር ነው፤ ገንዘብ አይጠይቅም።

---

ቦቴ_ነጂ | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2፡30

ተራ አለማጣቱ ለኔም ይመቸኛል። ይጻፍ። ሌላው ላይ አስተያየቴ እንደነበረ ነው።

---

ስምሪት_ክፍል | በሳምንቱ ዓርብ፣ ከምሽቱ 12፡45

ዕቅዱን አስገባሁ። የሆነውን ልንገራችሁ።

"ይበረታታል" የሚለውን ሰረዝኩት። የጂቡቲ ምልልስ በተራ እንጂ በስምሪት ሠራተኛ ደግነት አይደለም አልኩ። ሴትም ወንድም አንድ ዝርዝር ላይ ነው፣ ዝርዝሩም ግቢው በር ላይ ይለጠፋል። አጭር መስመር የሚፈልግ ወንድም ሴትም ራሱ ያመለክታል፤ እኔ አልመርጥለትም። ረዳት የሚመረጠው ሹፌሯ "አዎ" ስትል ነው፣ ጾታው ምንም ይሁን። ቀድሞ ያቆመ ተራውን አያጣም የሚለውን ደረቅ_ሦስት እንዳለችው በቃሏ ነው የጻፍኩት። በቡድን መውጣት ገባ። አዋሽና ሎጊያ ላይ ክፍል መዋዋልም ገባ።

አለቃዬ ክፍሉን ሲያይ ብዕሩን አነሳ። "ለአምስት ሴት ብለን?" አለ። ወንዶቹ በሌሊት እየነዱ ባለፈው ዓመት ያጋጩትን የሁለት መኪና ጥገና ሒሳብ ከፋይሉ አውጥቼ አጠገቡ አስቀመጥኩ። ዝም አለና ፈረመ። ተራው ላይም ተስማማ። ቅብብሉን ግን ጣለው፤ ባለ_ሁለት_ሲኖ የጻፈውን ያነበበ ይመስል ቃል በቃል ያንኑ ነው የተናገረው። የመጸዳጃ ነገርማ ከእኛ አቅም በላይ ነው፤ መንገዱ የእኛ አይደለም። ማኅበራትና ማደያዎች ጋ ደብዳቤ ይጻፍ ተባለ። ለጊዜው መኪና ውስጥ የሚቀመጥ ተንቀሳቃሽ መጸዳጃና መጋረጃ ለሚፈልግ ሹፌር ይገዛል። ግዥ ክፍሉ "ይህ በየትኛው በጀት ነው የሚያዘው" ብሎ አስቂኝ ደብዳቤ ጽፎልኛል። "መለዋወጫ" ብዬዋለሁ።

ግቢ ውስጥ የቆየችዋንም ልጅ ደወልኩላት። አላነሳችም። ደግሜ እሞክራለሁ።

---

የሕግ_ወንበር | ዓርብ፣ ከምሽቱ 1፡10

"በራስ ፈቃድ" ያልከውንም ወረቀት አስተካክልላት።

---

ደረቅ_ሦስት | ዓርብ፣ ከምሽቱ 1፡40

ጥሩ ነው። አንድ ጥያቄ አለኝ። የተዋዋላችሁትን የሎጊያ ክፍል ሄዶ ያየው ሰው አለ? በሩ ከውስጥ ይቆለፋል?

---

ስምሪት_ክፍል | ዓርብ፣ ከምሽቱ 2፡20

አሁን ደወልኩላቸው። ከውጭ ብቻ ነው የሚቆለፈው። መቀርቀሪያ ሐሙስ እንገጥማለን ብለዋል።

---

የአሰብ_መንገድ | ዓርብ፣ ከምሽቱ 2፡35

የሎጊያን ሰው አውቀዋለሁ። የትኛው ሐሙስ እንደሆነ ጠይቀው።